ስሙ ከመታተሙ በፊት

ነይማ፣ እዚህ አጠገቤ ቁጭ በይ የኔ ቆንጆ። ስልክሽን ወደዛ አድርጊው። ይሄ ቲክቶክ እያዩ በአንድ ጆሮ የሚሰማ ወሬ አይደለም። «ከዛስ? ከዛስ?» እያልሽም አታዋክቢኝ፣ ሁሉንም በተራው እነግርሻለሁ።

አንዲት ልጅ አስቢ። ሜቲ ትባላለች። ቅዳሜ ነው፣ የአሶሳ ገበያ ጢም ብሏል፣ እሷ አንድ ፌስታል ባሚያ አንጠልጥላ በሰው መሀል እየተጋፋች ትሄዳለች። ቀስ ብላ። ዞር ሳትል።

ባሚያው ሥር ፍላሽ አለ።

ፊት ለፊቷ ሸራ የተወጠረበት ሻይ ቤት አለ። ሸራው ሥር አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ጠጋ ብለሽ ብታዪው የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው የምትይው። አሶሳም ሙሉ እንደዛ ነው የምታውቀው። ስሙ ሰራዊት፣ የኮድ ስሙ «ብሎን»። የሜቲ የኮድ ስም ደግሞ «ሚስማር»። ሜቲ ራሱ ስሟ አይደለም፣ መሥሪያ ቤቱ ነው ያወጣላት። መሥሪያ ቤቱ የቱ ነው ካልሽኝ፣ በሩ ላይ ታፔላ የሌለው ነው።

ምልክታቸው ቀላል ነው። ማንኪያው ከብርጭቆው ወጥቶ ከተጋደመ፣ ነይ። ማንኪያው ብርጭቆው ውስጥ ከቆመ፣ እለፊ።

ማንኪያው ቆሟል።

ሜቲ አለፈች። እርምጃዋን አልቀየረችም፣ ፊቷን አልቀየረችም። ምን አይቶ ነው? ማንን አይቶ ነው?

«ሜቲ። የት ነው የምትሄደው አንተ?»

ከኋላዋ ነው።

ኢኽላስ ናት፣ የዶርም ጓደኛዋ። ኢኽላስ የሆሞሻ ልጅ ናት፣ አፏን የፈታችው በበርታ ቋንቋ ነው፣ አማርኛ ስታወራ ሴቱም ወንዱም ለሷ «አንተ» ነው። ዶርሙ በሙሉ ይስቅባታል፣ እሷም አብራ ትስቃለች።

«ባሚያ ገዛህ? አሳየኝ እስቲ።»

ሜቲ አፏን ሳትከፍት ፌስታሉ ተቀምቷል። ኢኽላስ እጇን ከተተች። ባሚያውን አንድ አንድ እያነሳች ጫፉን ትሰብረዋለች። ቀሽ ካለ ለጋ ነው፣ ከተጣጠፈ አርጅቷል።

«ይሄ አርጅቷል። ይሄም። ማነው የሸጠህ? ና እንመልስ፣ ሴትዮዋን እኔ አናግረዋለሁ።»

ጣቷ ወደ ታች እየወረደ ነው።

ቀሽ።

ሌላ ባሚያ። ሌላ። የፍላሹ ጫፍ ከሁለት ባሚያ መሀል ብቅ ብሏል።

«ኧረ ለኔ አይደለም» አለች ሜቲ፣ እየሳቀች ፌስታሉን ነጠቀቻት። «ለሻይዋ ሴትዮ ነው። ግዢልኝ ብላኝ ነው እንጂ እኔ ባሚያ መች አውቃለሁ።»

«አዎ አንተ አታውቅም» አለች ኢኽላስ። «ብታውቅ ይሄን አትገዛም።»

አብረው ወደ ሸራው ተመለሱ። ሻይ የምታፈላው ሴትዮ ውሃ ልትቀዳ ወጥታለች። ሜቲ ፌስታሉን ሰራዊት እግር ሥር አስቀመጠችው።

«አደራ፣ ስትመጣ ይስጡልኝ።»

«እሺ የኔ ልጅ። ጥላም ነው፣ አረፍ በሉ» አለ። ማንኪያውን አወጣና አጋደመው።

ኢኽላስ ሳሙና ልትገዛ ተሻገረች። «እዚህ ጠብቀኝ» ብላ። ሜቲ ተቀመጠች። ከሰራዊት ጀርባ ሹፌሩ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ ኳስ ያያል።

«ማናት?» አለ ሰራዊት፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

«እህቱ።»

«የባቢከር?»

«የባቢከር።»

«እሱስ?»

«አላውቅም።»

«አሁንም አላውቅም?»

«እሷም አታውቅም። ጽሑፉን ሰው ነው የሚያመጣላት፣ ሰውዬው ይቀያየራል።»

ባቢከር ማነው መሰለሽ፣ የ«ከዛፉ ሥር» አዘጋጅ ነው። «ከዛፉ ሥር» ደግሞ የዳቡስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ራሳቸው የሚያዘጋጁት ጋዜጣ ነው። ግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ ማንጎ አለ፣ እሱ ሥር ሰብሰብ ብለው ነው የሚሠሩት። ሜቲ ተማሪ መስላ እነሱ መሀል እንድትገባ ስትላክ «ከድንበር ማዶ ገንዘብ ይላክላቸዋል፣ ድረሺበት» ነበር የተባለችው። ደረሰችበት። ማንጎ ለቅመው ሸጠው ወረቀት የሚገዙ ልጆች ናቸው። ይሄንኑ ጻፈች። «ደግመሽ ፈልጊ» ተባለች።

ጣጣው የጀመረው በፍሬሕይወት ነው። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። ወባ ያዛት፣ የግቢው ክሊኒክ መድኃኒት የለም ብሎ መለሳት፣ ዶርሟ ውስጥ ሞተች። መድኃኒቱ ግን ነበር። የግቢው ግዢ ኃላፊ በመኪናው እያወጣ ውጪ ይሸጠው ነበር። ባቢከር ይሄን በሦስት ክፍል ጻፈው። ሁለቱ ወጡ። ሦስተኛው የሰውዬውን ስም የያዘው ነው። ሁለተኛው በወጣ ማግስት ባቢከር ዶርሙን ለቆ ጠፋ። የሜቲ ሥራ አንድ ነው፣ ሦስተኛው ሳይታተም ባቢከርን ማስያዝ።

«ባቢከር ከመጥፋቱ በፊት ግዢ ኃላፊው ቢሮ ድረስ ሄዶ እንዳነበበለት ሰምተሃል?» አለች።

«ሰምቻለሁ። ወሬ መስሎኝ ነበር።»

«ወሬ አይደለም፣ ደንባቸው ነው። ስሙ የሚወጣ ሰው ከመታተሙ በፊት ፊት ለፊት ይነበብለታል። እነሱ አገር ሽማግሌ ፊት ሰውን በሌለበት መክሰስ ነውር ነው አሉ፣ ባቢከር ከዛ ነው ያመጣው። ሦስቱንም ክፍል ቁጭ ብሎ አነበበለት። ሰውዬው ከመደንገጡ የተነሳ ሻይ አዘዘለት።»

ሰራዊት ሳቀ። «ከዛስ?»

«ምላሽ አለዎት ወይ ቢለው፣ ውጣ አለው። እሷኑ ‘ውጣ’ን ልክ እንዳላት ከሥር ሊያወጧት ነው።»

አሁን ሁለቱም እየሳቁ ነው። ሜቲ መቼም ስታወራ ታምራለች፣ ሰው ማሳቅ ትወዳለች።

«ደግመህ አንብብልኝ ካለውስ?»

«ያነብለታል። ሰውዬው በቃኝ እስኪል። እምቢ ማለት የለም።»

«ማነው የሚያነበው?»

«አዘጋጁ ራሱ። ሰው አይልክም።»

ሰራዊት ሳቁን አቆመ። ሻዩን ጨልጦ ፌስታሉን አነሳ።

«ጎበዝ ልጅ ነሽ ሚስማር» አለ።

በሚቀጥለው እሁድ ኢኽላስ ሜቲን ሆሞሻ እናቷ ቤት ይዛት ሄደች። ሜቲ ናት «እናትሽን አስተዋውቂኝ» ብላ የለመነቻት። ቤቱ በቀርከሃ የተሠራ ነው፣ ደጁ ጥርግ ያለ። እናትየው እማ ሐዋ ይባላሉ። የሜቲን እጅ ይዘው ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት።

«ቀጭን» አሉ። «ግቢ ምግብ የለም?»

«አለ እማማ፣ ዳቦው ግን ድንጋይ ነው።»

«ብላ። ልጅ ነህ። ብላ።»

ያው የእናትና የልጅ አማርኛ አንድ ነው። ገንፎ ቀረበ፣ ከባሚያ ወጥ ጋር። ሜቲ በእጇ እየጠቀሰች በላች። ዓይኗ ግን ሥራ ላይ ነው። ደጃፍ ላይ ስንት ዓይነት ጫማ አለ? የወንድ የለም። ሁለተኛው አልጋ ተነጥፏል? ተነጥፏል፣ ግን አቧራ ይዟል። እማ ሐዋ ውሃ ሊያመጡ ሲወጡ፣ ኢኽላስም ልትረዳቸው ስትከተል፣ ሜቲ ብድግ አለች። ከፍራሹ ሥር ዳበሰች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሸሚዝ አሸተተች። ከርሟል፣ ሰው ከለበሰው ቆይቷል። ፎቶ አነሳችው።

ኮቴ።

ቁጭ።

እማ ሐዋ ሲገቡ ሜቲ ጣቷን እየላሰች ነው። እናትየው አጠገቧ ቁጢጥ ብለው ለኢኽላስ በበርታ የሆነ ነገር አሏት።

«ባቢከር አይተሃል ወይ፣ በልቷል ወይ ብሎ ይጠይቅሃል» አለች ኢኽላስ።

«ደህና ነው እማማ» አለች ሜቲ። «በደንብ ይበላል።»

እማ ሐዋ እጇን ይዘው ሳሙት። ሁለት ጊዜ። የሳሙት ያን የሸሚዙን ፎቶ ያነሳችበትን እጅ ነው፣ እሳቸው በምን ያውቃሉ።

ሽንት ቤት መስላ ከጓሮ ወጣችና ደወለች።

«ሆሞሻ የለም።»

«እናትየው አለች?»

«አሉ።»

«እንውሰዳታ። እሷ ከታሰረች ራሱ እየሮጠ ይመጣል።»

ሜቲ ከንፈሯን በእጇ ጀርባ ጠረገች። አፏ ውስጥ የባሚያው ልጋግ አልጠፋም።

«አትንኳቸው።»

«ምነው፣ ገንፎዋ ጣፈጠሽ?»

«ጩኸት ይበዛል። በማግስቱ ጋዜጣው ላይ ይወጣል።»

«እሺ። እንግዲያው በሌላ መንገድ እሄዳለሁ።»

«በምን መንገድ?»

ዘግቶታል።

ብዙም አልቆየ። አንድ ቀን ጠዋት ኢኽላስ ዶርሙን በርግዳ ገባች። ፊቷ ጥርስ በጥርስ ሆኗል።

«ሜቲ። ባቢከር ሊያገኝህ ይፈልጋል። ዛሬ። ብቻህን።»

ሜቲ ካልሲዋን እያጠበች ነበር። ካልሲው ከእጇ ወደቀ።

«እኔን? ለምን?»

«ለምን ትላለህ? ወንድ ሴት ብቻውን ሲጠራ ለምንድነው?» ኢኽላስ አልጋው ላይ ተዘረረች። «እኔ አውቅ ነበር። ጽሑፍ ባነበብክ ቁጥር ዓይኑ አንተ ላይ ነበር። እማዬም ወዶሃል። አለቀ።»

ከሻንጣዋ ቢጫ ቶብ አወጣች፣ ያ ሴቶቹ ከላይ የሚጠመጠሙት የሱዳን ጨርቅ። ለኢድ ያስቀመጠችው ነው። ራሷ ጠመጠመችላት። ፀጉሯን አበጠረችላት። እያበጠረች በበርታ ትዘፍናለች።

«ሙሽራ መሰልክ» አለች።

ሜቲ መስታወቱን አየችው። ሌላ ሰው ብትሆን ኖሮ፣ አለች በሆዷ። ከዛ ስልኳን ያዘችና መጸዳጃ ቤት ገባች። ባቢከር በሰው ያስነገራት ቦታ ከባምባሲ መንገድ ገባ ብሎ ያለ የሠፋሪዎች መንደር ነው፣ ካሣዬ የሚባል ገበሬ ጓሮ። እሱኑ ለ«ብሎን» ላከች። መልሱ ወዲያው መጣ። አንድ ቃል ነው።

«አቆዪው።»

ካሣዬ በደርግ ጊዜ ከወሎ የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ልጆቻቸው ከተማ ገብተዋል። አጥሩ ጋ ቆመው ነበር የሚጠብቋት።

«አብሽሪ ልጄ፣ ግቢ» አሏት። «ከማንጎው ሥር ነው። እህልም አልቀመሰ ዛሬ፣ ነገሩ ከብዶታል መሰለኝ። አንቺ ብትይው እንኳ።»

ባቢከር አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ከስቷል። ቶቡን ሲያይ እህቱን ያስታወሰ ይመስል ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። አልጨበጣትም። ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

«ቁጭ በይ። ላነብልሽ ነው።»

ሜቲ ይቺን ቃል ታውቃታለች።

ተቀመጠች።

ማንበብ ጀመረ። ድምፁ የግቢው ማንጎ ሥር እንደሚያነበው ነው፣ አይጮህም አያንሾካሹክም። «‘ሜቲ ተብላ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሆና አብራን የተቀመጠችው ልጅ ተማሪ አይደለችም። ጋዜጣችን ውስጥ የገባችው እኛን ለመሰለል ነው። ጽሑፎቻችንን ሳይታተሙ እየቀዳች ትሰጣለች። በጓደኝነት የእህቴን አልጋ ተካፍላለች። የእናቴን ምግብ በልታለች።’»

እያነበበ ስልኩን አቀበላት። ስልኩ ላይ ፎቶ አለ። ሸራው ሥር፣ ሻይ ቤት። የሷ ፊት ጥርት ብሎ ይታያል፣ እየሳቀች ነው። ፊት ለፊቷ የተቀመጠ ሰውዬ እግር ሥር ፌስታል። ሰውዬው ግን ጀርባው ብቻ ነው።

ሜቲ ፎቶውን አየችው። ደግማ አየችው።

ከጀርባው ተነስቷል። ከጀርባው የነበረው አንድ ሰው ነው። ኳስ የሚያየው ሹፌር።

ብሎን ነው የሸጣት።

ሁሉም ነገር ግልብጥ ብሎ ታያት። ደንቡን እየሳቀች የነገረችው እሷ ናት። አዘጋጁ ራሱ ይመጣል ያለችው እሷ ናት። እናትየውን አትንኩ ያለችውም እሷ ናት። እሱ እናትየውን ትቶ እሷን ወጥመዱ ላይ አኖራት። ባቢከር ለማንም ከተደበቀበት አይወጣም ነበር። ለመክሰስ ግን ይወጣል። ፊት ለፊት።

«ማነው የላከልህ?»

«ከማይታወቅ ቁጥር ነው፣ ከፎቶው ጋር ማን እንደሆንሽ ጽፎ። የላከው እንደሚጠላሽ ግልጽ ነው። ግን ፎቶው ውሸት ነው እንዴ?»

«አይደለም።»

ወረቀቱን ዝቅ አደረገው። መካድ ነበር የጠበቀው።

«ለኢኽላስ ነግረሃታል?»

«ካንቺ በፊት ማንም አይሰማም። ደንቡ ነው።»

«ማንም?»

«ማንም። ጋሼ ካሣዬም ላጭሽ ነው ብለው ነው የሚያስቡት።» ትንሽ ፈገግ ብሎ ነበር፣ ተወው። እስክሪብቶ አወጣ። «ምላሽ ካለሽ እጽፋለሁ፣ ከሥር ይወጣል። ምላሽ ባይኖርሽም እስኪታተም ጊዜ አለሽ። ዕቃሽን ይዘሽ ሂጂ። ኢኽላስ ይሄን ስታነብ አጠገቧ ባትሆኚ ነው የሚሻለው፣ ለሷ ብዬ ነው።»

እንዲህ ነው ያላት። ሂጂ።

ከሩቅ፣ ከዋናው መንገድ ላይ፣ የመኪና ድምፅ ተሰማ። እሱ ልብ አላለውም። የሷ ጆሮ ግን ለዚህ የሠለጠነ ነው። ፒክአፕ። ሁለት ናቸው። ማርሽ ቀይረው ወደ ጥርጊያው እየታጠፉ ነው።

ሩጥ ብትለው ይሮጣል። ከጓሮው ወዲያ ማሽላው ሰው ይውጣል፣ ከማሽላው ወዲያ ወንዙ አለ። አንድ ቃል ናት። ግን ሮጦ ካመለጠ ጋዜጣው ይወጣል፣ ፊቷ ጥርት ብሎ፣ እየሳቀች። ብሎን ደግሞ አላወቃትም ይላል። ካላመለጠ ይሄን ወረቀት ከሁለታቸው ሌላ የሰማ የለም።

ከንፈሯን አራሰች።

«ደግመህ አንብብልኝ።»

ባቢከር አያት። ሊያመነታ ነበር። ግን እምቢ ማለት የለም።

ከመጀመሪያው ጀመረ። ሜቲ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማችው። «የእህቴን አልጋ» ሲል ዓይኗን አልሰበረችም። «የእናቴን ምግብ» ሲል አልሰበረችም። ሞተሮቹ ጠፉ። አጥፍተዋቸው ነው፣ በእግር ሊመጡ ነው።

ጨረሰ። «በቃሽ?»

«አንዴ ደግሞ።»

እንባዋን የምትደብቅ መሰለው። ድምፁን ዝቅ አደረገላት፣ እንዳይከብዳት። አዝኖላት ነው፣ ገባሽ? ሦስተኛውን በእዝነት ነው ያነበበላት።

«‘ሜቲ ተብላ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሆና—’»

አጥሩ ተሰበረ።

ካሣዬ «ምንድናችሁ እናንተ» ሲሉ ተሰማ፣ ከዛ የሰደፍ ድምፅ፣ ከዛ ምንም። ባቢከር ሳይነሳ ደረሱበት። አንዱ አንገቱን፣ አንዱ እጁን። እስክሪብቶ የያዘበትን እጁን አግዳሚው ላይ አድርገው በጫማ ረገጡት። ደግመው ረገጡት። እንደ ባሚያው ነው ቀሽ ያለው። ወረቀቱ ተነጠቀ፣ ስልኩ ተነጠቀ።

ለማስመሰል ሜቲም መመታት አለባት። አንዱ በጥፊ አላት፣ የእውነት ጥፊ፣ ጭቃው ላይ ወደቀች፣ ቢጫው ቶብ ተበላሸ።

ባቢከር ፊቱ ደም በደም ሆኖ ከመሬት ቀና አለ።

«ተዋት» አለ። «ገና ምላሿን አልሰጠችም።»

የመታት ሰውዬ ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ።

በሁለት መኪና ለያይተው ወሰዷቸው። መንደሩ በሙሉ አጥር ሥር ቆሞ እያየ ነው፣ እሷም እጇ የፊጥኝ ታስሯል። ከመንደሩ ራቅ ሲሉ መኪናው ቆመ። ሰራዊት ገብቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ገመዱን ራሱ ፈታላት፣ መሀረብ ሰጣት።

«ፎቶውን አንተ ነህ የላክኸው።»

«ታዲያ ማን ሊልከው ኖሯል?»

«ቢገድለኝስ?»

«ጋዜጠኛ ነው እኮ። ምን ያደርግሻል፣ ያነብልሻል እንጂ።»

ሹፌሩ ከፊት ሆኖ ሳቀ። ሜቲ መሀረቡን አልተጠቀመችበትም።

«የድንበር ማዶ ገንዘብ የሚባል ነገር አልነበረም አይደል?»

«አልነበረም።»

«ግዢ ኃላፊው ማነው?»

«የአለቃ አማች ነው። አሁን ይሄን ማወቅ ምን ይጠቅምሻል?» መስኮቱን ዝቅ አደረገ። «አቆዪው ስልሽ እንዴት ነው ያን ያህል ያቆየሽው? እኔ እንኳ ያመልጠናል ብዬ ሰግቼ ነበር።»

ሜቲ ነገረችው። ሦስቴ እንዳስነበበችው።

ሰራዊት ከሷ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ተቀመጠ። የዛን ዕለት የገረማት ይሄ ነው። እሱ ራሱ ፈራት።

ሦስተኛው ክፍል አልወጣም። ፕሪንተሩ ተወሰደ፣ ልጆቹ ተበታተኑ፣ ከማንጎው ሥር የሚሰበሰብ ጠፋ። ግዢ ኃላፊው ቢሮው ነው፣ ሻዩን ይጠጣል። ሜቲ አዲስ አበባ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ሪፖርቷን ስትጽፍ ሰራዊት ደወለላት።

«ያንቺ ጋዜጠኛ አረፈ።»

«እንዴት አረፈ?»

«ወባ ይዞት ነበር አሉ። መድኃኒት አልተገኘም።»

የሚቀልድ መስሏት ጠበቀች። አልቀለደም።

«ለቤተሰቦቹ ተነገራቸው?»

«ገና ነው። አለቃ ሲፈቅድ ይነገራል። አንቺ ግን እዛ ሰፈር የለሽም፣ ኖረሽም አታውቂም። ሜቲ የምትባል ልጅ የለችም። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

ሌላ ስም ሰጧት። ሌላ ከተማ፣ ሌላ መታወቂያ፣ ሌላ ፀጉር። አሁን የልብስ ስፌት ማሠልጠኛ ተመዝግባለች፣ እዛ የምትፈለግ ሴትዮ አለች። አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ ወዳታለች፣ ምሳዋን ታካፍላታለች። ሜቲ ትስቃለች፣ ታሳቃለች። ጎበዝ ናት፣ በሥራዋማ ማን ይወጣላታል።

አንድ ነገር ብቻ አጠፋች። እዛ ከተማ በገባች ሰሞን መናኸሪያው ውስጥ ሲም ገዛች። በቃሏ የያዘችውን የኢኽላስን ቁጥር ነካችና «ሜቲ ነኝ። ደህና ነኝ። አትፈልጉኝ» ብላ ላከች። ለምን እንደላከች ብትጠየቅ አታውቀውም። ይቅርታ አላለችም፣ ስለ ባቢከርም ቃል አልተነፈሰችም። ልካ ሲሙን ልትሰብረው አወጣችው። ከዛ መለሰችው። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ አውቶቡስ ሲወጣ አውቶቡስ ሲገባ እያየች ጠበቀች።

መልሱ መጣ። ኢኽላስ የጻፈችውን አንዲት ፊደል ሳልነካ ልንገርሽ፦

«እማዬ በየቀኑ ሁለት ሳህን ምሳ ይዞ ጣቢያ ይሄዳል። የባቢከር ይቀበሉታል። ያንተ ግን እንደዚህ ስም ያለው ሰው እዚህ የለም ብለው ይመልሱታል። እማዬ አያምንም። ሜቲን ገድለውብኝ ነው እያለ ያለቅሳል። እኔ ማን እንደሆንክ ገብቶኛል። ለእማዬ አልነገርኩትም። አንተ ንገረው።»